መጀመሪያ ብረቱ ይግባ

ግንቦት 28

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

ይህ ወረቀት በሙሉ ጤና፣ በደረቅ ቤትና በሞቀ ምድጃ አጠገብ ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀሽ? አምና ያስጠገንሽው ጣሪያ ዘንድሮ ቻለ ወይስ እንደ ልማዱ ከባልዲዎችሽ ጋር ነው የምትኖሪው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴና ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ፎቶሽን እያየች ይህቺ ጠመንጃ ያላት አክስት መቼ ነው የምትመጣው እያለች ታደርቀኛለች።

ሥራዬ ያው ነው። ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ካሜራና መነጽር ስፈታና ስገጥም እውላለሁ። መስኮቴ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለሆነ ከሰው የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነው። አሁን አሁን ደንበኛ ደረጃውን ሳይወርድ በጫማው ማን እንደሆነ እለየዋለሁ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና እንዳትቆጪኝ። ዓይንሽ እንዴት ነው? ክረምቱ እየገባ ነው፤ የጫካው ዳር ጭቃ ደግሞ ለወጣትም አይመችም። እንደው ማሳ መጠበቁን ለሌላ ሰው ትተሽ፣ ጠመንጃውንም ለአራሾቹ ማኅበር መልሰሽ ወደ እኛ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? ትርፍ ክፍል አለን፤ ፀሐይ ይገባዋል። አስቢበት እንጂ አሁኑኑ መልሺልኝ አልልም።

ጉልበትሽን ስሜ፣
ያሳደግሽው የወንድምሽ ልጅ


ሰኔ 19

ይድረስ ለማሙሽ፤ ራስህ ቢመለጥም ለእኔ ማሙሽ ነህና ቅር አይበልህ።

ሰላምህ ይብዛ፣ ቤትህ ይሙቅ፣ የልጆችህን እናት ጤና ያድርግልህ። ለትንሿ ልጅህ፣ ጠመንጃ ያላት አክስቷ ከጠመንጃዋ ጋር ገና ብዙ ጉዳይ እንዳላት ንገርልኝ። ጉልበቴ ሲያሰኘው ያመኛል። ጣሪያው ያፈሳል። ባልዲዎቹም ሰላም ይሉሃል።

ዓይኔን ጠየቅኸኝ። ጉልበቴን፣ ሳሌን፣ ጣሪያዬን ስትዞር ቆይተህ ዓይኔ ላይ ስትደርስ የመጣህበት ጉዳይ እሱ እንደሆነ ገባኝ። ማን ሹክ እንዳለህ ለጊዜው አልጠይቅህም። እዚህ የሚወራውን ግን ከሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ስማ።

በቀደም ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ ከጫካው የወጣ ነገር ድንች ማሳ ውስጥ ገባ። የማኅበሩ ሊቀመንበርና ሌሎች አራሾች ከኋላዬ ቆመዋል። በአንገቴ ባንጠለጠልኩት የሩቅ ማያ መነጽር አየሁ፣ ነጭ ወተት። በጠመንጃው መነጽር አየሁ፣ እሱም ወተት። በጣቴ ስጠርገው ለአፍታ ይጠራና ወዲያው ተመልሶ ያልበዋል። ማሳው ውስጥ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል፤ የዱር አሳማ ይሁን የጎረቤት ጥጃ አልለየሁም። የማላየውን አልተኩስምና ጠመንጃዬን አወረድኩ። ድንቹ እኩሌታው ተገለባብጦ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሩ ዓይኗ ፈዟል፣ ልቧም ፈርቷል እያለ ቤት ለቤት ይዞራል። ፈጣኑ የሚሉትን የልጁን ባል በቦታዬ ሊያስቀምጥ ነው። ፈጣኑ የተባለው መጀመሪያ ተኩሶ ቀጥሎ ስለሚያይ ነው። ማሳ የመጠበቁ ሥራ ከአባቴ ወደ እኔ የመጣ ነው፤ ጠመንጃውም የሥራው ነው። ሥራውን ከወሰዱ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመውን ጠመንጃ ከቤቴ ይዘውት ይወጣሉ። ይህን ቆሜ አላይም። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ፣ በቆሎው ቁመት ሲያወጣ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሁላችሁም ባላችሁበት እወጣለሁ፤ አይቼ መለየት ካቃተኝ በገዛ እጄ አስረክባለሁ አልኳቸው። ማንም አላስገደደኝም።

ስለዚህ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእንግዳ አቆየው። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጠመንጃውን መነጽር ሥራ እንደያዝክ የላክህልኝ አንተ ነህ፤ እንጀራህም መነጽር ነው። ዝናብ ውስጥ እንዳያልበው ምን ላድርግ? ዓይኔን ተወውና ስለ መስታወቱ ጻፍልኝ።

አክስትህ


ሐምሌ 4

ለውድ እታለም፣

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ይድረስሽ። ስለ ክፍሉ ሁለተኛ አላነሳም።

መነጽሩ እንዲህ ነው። ሲሠራ ከቱቦው ውስጥ እርጥብ አየር ወጥቶ ደረቅ ጋዝ ይሞላበትና በጎማ ይታሸጋል። ማሸጊያው ከተበላሸ ጉሙ ከውስጥ ስለሚሆን ውጩን ብትጠርጊው አይጠራም፤ ወደ እኔ ከመላክ በቀር መላ የለውም። አንቺ ግን በጣትሽ ስትጠርጊው ለአፍታ ይጠራል ብለሻል። እንግዲያው ላቡ ከውጭ ነው፣ መነጽሩ ጤነኛ ነው። በጣት መጥረጉን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተይ፤ የጣት ቅባት መስታወቱን ያደበዝዘዋል።

አሁን የምጠይቅሽን ምንም ሳታስቀሪ መልሺልኝ። ከማሳ ስትመለሺ ጠመንጃውን የት ታስቀምጪዋለሽ? መነጽሩን በምን ትሸፍኚዋለሽ? ስትወጪስ እንዴት ትይዢዋለሽ?

አንድ ሌላም አለ። በረንዳሽ ላይ ቆመሽ፣ ያለ ምንም መነጽር፣ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ጨፍነሽ ከወንዙ ማዶ ምን እንደሚታይሽ ጻፊልኝ። ባለሙያ ሁሉንም ነገር መጠየቅ አለበት፤ ሌላ አይምሰልሽ።

ልጅሽ


ሐምሌ 17

ይድረስ ለባለሙያው፣

በቀኝ ዓይኔ ከወንዙ ማዶ የአስተማሪው ሚስት ልብስ ስታሰጣ አየሁ፤ ነጩ ሸሚዝ ከላይ ሁለተኛው አዝራር የለውም። በግራ ዓይኔ ደግሞ ምን ታፈጥብኛለች በሚል ወገቧን ይዛ ስትገላምጠኝ አየኋት። ይበቃሃል?

ጠመንጃውን የምይዘው አባቴ እንዳስተማረኝ ነው። ሕጉን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ መጀመሪያ ብረቱ ይገባል፣ ቀጥሎ ሰው። እኔ ብበሰብስም ቀድሞ ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው እሱ ነው። ውሃውን እጠርጋለሁ፣ የመነጽሩን ክዳን እገጥማለሁ፣ ከዚያ በእናቴ የሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬ አጠገቤ አሳድረዋለሁ። የአንገቴንም መነጽር እንዲሁ። ስወጣ ዝናብ እንዳይነካው መነጽሩን ከካፖርቴ ሥር፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ እይዘዋለሁ። አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ አልተያዘም። እንግዲህ ምን ጎደለብኝ?

ጥያቄህን መልሻለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው። ትናንት ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ የገዛ ወንድሟ ልጅ እንኳ በስልክ ተስማምቶልኛል፣ እሱም ትተወው ብሏል አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ ነበር፣ ግን አንገቴን አልደፋሁም። ይህ ቃል የአንተ ነው? መልስህ እስኪደርሰኝ ሰላምታ የለም።


ሐምሌ 30

ለውድ እታለም፣

ሰላምታ የለም ብትይም እኔ ሰላም እልሻለሁ።

ሊቀመንበሩ ከከተማ ደውሎልኝ ነበር። መክሬ ሥራውን እንዳስተውሽ ለመነኝ፤ እኔም አነጋግራታለሁ አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ተስማማ ያሰኘው የራሱ ምኞት ነው። መደወሉን ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ከእንግዲህ የወንድምሽ ልጅ ከማን ጋር ነው ካለሽ ከእኔ ጋር ነው በዪው፣ በስብሰባ መሀል።

አሁን ወደ ሥራችን። አዝራር የሚቆጥር ዓይን ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ምድጃው ጋ ነው። ከብርድ የመጣ መስታወት ሞቃትና እርጥብ ቤት ሲገባ ወዲያው ያልበዋል። አንቺ ደግሞ በላቡ ላይ ክዳኑን ትገጥሚና በሱፍ ትጠቀልዪዋለሽ። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ክዳኑ ሥር ያድራል፤ በማግስቱ ብርድ ሲነካው ተመልሶ መስታወቱ ላይ ይወጣል። ካፖርትሽ ሥር ስታስገቢው ደግሞ የሰውነትሽ እንፋሎት ይጨመርበታል። ዝናቡ አይደለም ያስቸገረሽ፣ እንክብካቤሽ ነው።

ስለዚህ ስትመለሺ ጥይቱን አውጪና ጠመንጃውን ከቤት አታስገቢው። የኋላው እቃ ቤት እሳት የለበትም፣ ጣሪያውም አያፈስም፤ እዚያ ቆልፈሽ አስቀምጪው። ክዳኖቹን ክፈቺ፣ ጠብታውን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ሳትፈትጊ አንሺና ተይው፣ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። የሱፍ ሻርፑን ለአንገትሽ አድርጊው። ስትወጪ ከካፖርትሽ ውጭ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገሽ አንግቺው፤ ክዳኑ ልታዪ እስከምትዪ ድረስ አይከፈት። ዓይንሽን ስታስጠጊ አፍሽን ሸፍነሽ ወደ ታች ተንፍሺ። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ አጭር ቁራጭ ቆርጠሽ የፊት ሌንሱ ላይ ብታጠልቂለት እንደ ባርኔጣ ጠብታ ይከለክልልሻል። ጨርቆች በላስቲክ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ አንዱን ባርኔጣሽ ውስጥ ያዢው።

የአያቴን ሕግ አልረሳሁትም። እንዴት እረሳዋለሁ? እሱ ጠመንጃውን ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ጠቅልሎ እስኪጨርስ እኔ ደጃፉ ላይ ውሃ እያንጠባጠብኩ እቆም ነበር። ብረቱ ይሞቃል፣ እኔ አስላለሁ። እታለም፣ ይህን ሕግ አፍርሺው።

ልጅሽ


ነሐሴ 11

ጨርቆቹ ደርሰዋል፤ እጅህ አይጠፋ።

አባቴ ይህን ማሳ ሲጠብቅ ዝናብ መልሶት አያውቅም። ጠመንጃው አንድ ቀን ዝጎ አላየሁትም። ሊቀመንበሩን እምቢ ያልኩት፣ ስብሰባውን ሁሉ እምቢ ያልኩት በማን ልጅነት ይመስልሃል? አንተ ግን ሰው በጫማው ከሚታይበት ጉድጓድህ ሆነህ የአባቴን ሕግ አፍርሺው ትለኛለህ። እነሱ ጠመንጃውን ሊወስዱ ነው፣ አንተ ደግሞ አባቴን ራሱን።

ጠመንጃው ዛሬም ምድጃው አጠገብ ነው። በቆሎው ቁመት አውጥቷል። ደህና ሁን።


ነሐሴ 22

እታለም፣

እሺ፣ ሕጉን አታፍርሺው። ግን እኔን ለማሳፈር ብለሽም ቢሆን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ጠመንጃውን እንደ አያቴ ሕግ ምድጃው አጠገብ አሳድሪው። የአንገትሽን መነጽር ደግሞ ክዳኑን ከፍተሽ እቃ ቤት አሳድሪው። ጠዋት ዝናብ ሲጥል በሁለቱም እዪባቸውና የጠራልሽን እመኚ። የትኛው እንደጠራ ለእኔ እንኳ መንገር የለብሽም።

በቆሎው ቁመት አወጣ ካልሽኝ ወዲህ ሥራ አልጨበጥ ብሎኛል። እዚህ ዝናብ በጣለ ቁጥር የፈታሁትን መነጽር ትቼ የሚሮጡትን ጫማዎች አያለሁ። ፈርቼልሻለሁ፤ ዓይንሽን ግን አልጠራጠርም።

ልጅሽ


መስከረም 14

ይድረስ ለማሙሽ፤ ሰላምታው ተመልሷል፣ ያስቀረሁብህም ታክሎበታልና ደርበህ ተቀበል።

ዘገየሁብህ። ፈርቼልሻለሁ ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ነገሩ አልቆ፣ ለይቶለት ልጽፍልህ ብዬ ነው። መጀመሪያ ያልከኝን አደረግሁ፤ አንተን ለማሳፈር ብዬ፣ አልዋሽህም። ጠዋት ዝናቡ ሲጀምር ሁለቱን ይዤ ወጣሁና አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እያየሁ እስክበሰብስ ቆምኩ። ከዚያ ገባሁና እቃ ቤቱን ጠረግሁ፤ ሸረሪቶቹን አስወጣሁ፣ ለጠመንጃው ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያ መታሁለት።

የቀጠሮው ዕለት ዝናቡ ለእነሱ ያደላ ይመስል ነበር። አራሾቹ ዛፉ ሥር ተኮልኩለዋል፣ ሊቀመንበሩ ከጎኔ ነው። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አንግቼዋለሁ፣ የሌንሱ ጎማ በቦታው ነው፣ ጨርቅህ ባርኔጣዬ ውስጥ ነው፣ አፌ በእናቴ ሻርፕ ተሸፍኗል። አንዱ አራሽ ጥርሷን ነው እንዴ ያመማት ሲል ሰማሁት። ብዙ ቆመን ልብሳችን ከላያችን ላይ ሲጣበቅ፣ በቆሎው መሀል ጥቁር ነገር ጎንበስ ቀና ማለት ጀመረ።

«ያውልሽ አሳማው» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ተኩሺ፣ ወይም ተይው።»

የሰው ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ነበር። ፈራሁ፤ አንድ ጥይት ብተኩስ ሁሉም እንደሚያልቅልኝ አውቃለሁ። ግን ያልታወቀ ነገር ላይ አይተኮስም። የአንገቴን መነጽር ክዳን ከፍቼ ወደ ታች ተነፈስኩና አየሁ። ማሙሽ፣ እንደዚያ ጠርቶልኝ አያውቅም። በቆሎው ቅጠል ላይ ጠብታው ሲንከባለል ይታየኛል። ጥቁር የዝናብ ልብስ፣ የጎበጠ ጀርባ፣ ከሥሩ ደግሞ ጭቃ የበላው አረንጓዴ ቦት ጫማ አየሁ። አንተ ትዝ አልከኝ።

«ይህ አሳማ ጫማ አድርጓል» አልኩትና መነጽሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት።

አየ። ወዲያው ድምፁን ሁሉ አውጥቶ ልጄ ውጣ እያለ ወደ በቆሎው ሮጠ። ፈጣኑ ነበር። አማቱ አሳማውን ከእኔ ቀድሞ እንዲጥል ብሎ በድብቅ ከማሳው ማዶ ካለው የድንጋይ አጥር ሥር አስቀምጦት ኖሯል። ያ ችኩል ግን መነጽሩ ሲያልበው አጥሩን ትቶ በቆሎው ውስጥ ተጠልሎ፣ ጎንበስ ብሎ በሸሚዙ ጫፍ ሲፈትገው ነው ያገኘሁት። ተኩሼ ቢሆን የምመታው ሰው ነበር።

ሁለቱ ከበቆሎው ወጥተው ተመለሱ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላለፍኩም። «ድንች ማሳው ጊዜ ያልተኮሰችው ይህችው እጅ ናት» አልኳቸው። «ያን ጊዜ ፈሪ አላችኋት። ዛሬስ ምን ልትሏት ነው?»  የድንቹ ባለቤት መሬት መሬት እያየ ጠመንጃው ባለበት ይቆይ አለ፣ ሌሎቹም እንደዚያው። አሳማው ራሱ የዚያን ዕለት ከጫካው አልወጣም፤ ከሁላችንም የሚሻል ጭንቅላት አለው። ሰንበት ብሎ በሌላ ዝናብ ሲመጣ ግን በላክህልኝ መነጽር ጥርት አድርጌ አየሁት፤ አንድ ጥይት በቃው።

ሊቀመንበሩ ትናንት ቤቴ መጣ፣ እንደ አይጥ በስብሶ፣ ላብ የያዘውን የፈጣኑን መነጽር ይዞ። እንዴት እንዳደረግሽው አሳዪን አለኝ። ቤት ግን አላስገባሁትም። ከብርድ የመጣ ነገር በአንዴ ሙቀት አይገባም፣ የወንድሜ ልጅ ያለው ነው ብዬ በርጩማ አውጥቼለት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ቀስ ብለው እስኪደርቁ ድረስ ሁሉንም አስተማርኩት። እንዲማር እንጂ እንዲሞቅ አልተፈቀደለትም። ስለ ስልኩ ጉዳይ ይቅርታ በዪልኝ ብሎሃል፤ ብየሃለሁ።

አሁን ስለ አባቴ። ብዙ አሰብኩበት። የአባቴ ጠመንጃ መነጽር አልነበረውም፤ ባዶ ብረትና እንጨት ነበር፣ ብረት ደግሞ ማድረቅ ነው የሚፈልገው። ስለ ብረቱ አልተሳሳተም። ለመነጽር ሕግ አላወጣም፣ ስለዚህ ሕጉን እኔ አወጣሁ። ደጃፍ ላይ ስላቆመህ ግን ተሳስቷል። እኔም ከውስጥ ሆኜ ሳልህን እሰማ ነበር። እሱን ብቻ ነው በዕድሜዬ እምቢ ብዬው የማላውቀው።

ዛሬ እምቢ ብዬዋለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ልጆቹን ይዘህ ና። ጠመንጃው እቃ ቤቱን ለምዷል፣ በብርዱ ይቆይ። ምድጃው አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ብትበሰብስም እንደበሰበስክ፣ መጀመሪያ አንተ ትገባለህ።

አክስትህ